ምንጣፉስ?

በጥምቀት ታቦቱ የሚያልፍበትን ምንጣፍ አንጥፎ የማያውቅ ሰው ሥራው ጉልበት ብቻ ይመስለዋል። ስሌት ነው። 6 ምንጣፍ አለ እንበል፣ እያንዳንዱ 10 ሜትር በ2። ሁለቱ ታቦቱን ባከበሩት፣ ማለትም በራሳቸው በተሸከሙት፣ አባትና በካህናቱ እግር ሥር ናቸው፤ ሁለቱ ከፊት ተዘርግተው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ከኋላ እየተጠቀለለ ነው፤ አንዱ በልጆች ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ሕዝቡ እንዳይገባ በተያዘው ገመድ ጥግ ወደ ፊት ይሮጣል። አንዱ ከዘገየ ከፊት ያለው አስፋልት ባዶውን ይቀራል። ትርፍ የሚባል የለም።

አንድ የአዲስ አበባ ደብር ላይ፣ ይህን ሥራ እንዲመራ የተሰጠው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ 22 ዓመቱ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ሰብሳቢዎች ዋና ሥራቸው ሜጋፎን መያዝ ነው። ከፊት ከፊት እየሄዱ «መንገድ! መንገድ!» ይላሉ። ጥምቀት በ2012 ዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ወዲህማ ካሜራ የሌለበት ማዕዘን ስለጠፋ፣ ሜጋፎኑ የማይገባበት ፎቶ የለም። ከኋላ ሆኖ አቧራ እየዋጠ የሚጠቀልለው ልጅ ግን አንድም ፎቶ ላይ አይገኝም። ጥቅለላ ላይ የተመደቡት ግማሾቹ አራት ኪሎ ሳይደርሱ «ውኃ ጠማኝ» ብለው የሚጠፉትም ለዚህ ነው።

ልጁ ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር። በበዓሉ ሳምንት በተጠራው ስብሰባ ላይ የአምናውን ቲሸርት ይዞ መጣ። ጀርባው ላይ «ማንም ታናሽነትህን አይናቀው» የሚል ታትሞበታል፣ ጢሞቴዎስ አንደኛ 4፥12። ጥቅሱ ግን ከዚያ አይጀምርም፤ «ምሳሌ ሁን እንጂ» የሚለው ይቀድመዋል። «የፊቱን ቆርጣችሁ የኋላውን ለበሳችሁ» አላቸው። ማንም አልመለሰለትም። ሜጋፎኑንም ለማንም አልሰጠም፤ ቁልፉን ቆልፎበት ዕቃ ቤት አስቀመጠው።

ጥር 10፣ ከተራ ዕለት፣ ባጁን ኪሱ ከትቶ ጥቅለላ ገባ።

ጥቅለላ ደግሞ እንዲሁ የሚገቡበት ሥራ አይደለም። የመጨረሻው ዲያቆን እግሩን ከማንሣቱ ሕዝቡ ምንጣፉ ላይ ይወጣል። ተደፍተው የሚሳለሙ እናቶች አሉ፤ እነሱን ገፍቶ መጠቅለል ነውር ነው፣ «እማማ፣ ይቅርታ» እያሉ ጠብቆ ማስነሣት ነው እንጂ። የሚጠቀለለው ከኋላው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ታቦቱ አቅጣጫ፣ ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ ነው። እንዲህ ከተጠቀለለ ውጭ የሚቀረው ጫፍ ከፊት ሲደርስ መነሻ ይሆናል፤ መሬት አስይዞ መግፋት ብቻ ነው። በተቃራኒው የጠቀለለው ሰው ከፊት ላሉት ፈተና ልኮላቸዋል፤ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይዘረጋል። መንገዱ ላይ ለአቧራው ተብሎ ውኃ በዝቶ ከተረጨ ደግሞ ምንጣፉ ከሥሩ ይጠጣል፤ ሁለት ልጅ ይሸከመው የነበረው አራት ይፈልጋል።

ልጁ ይህን ሁሉ በእጁ ሠራ። ነጠላውን አጣፍቶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ። ሰብሳቢያቸውን እንዲያ ያዩት ልጆች ማፈር ጀመሩ። መጀመሪያ ውኃ ጠማን ያሉት ተመለሱ። ከዚያ ገመድ ከያዙት ሦስቱ ገመዱን ለሌላ አስይዘው መጡ። ከዚያ ከፊት አንጣፊዎቹ ትልልቆቹ «እሱ እዚያ ሆኖ እኛ እዚህ!» ብለው ወደ ኋላ ሮጡ። እንዲህ ያለ ጥቅለላ በደብሩ ታይቶ አይታወቅም፤ አንድ ምንጣፍ ለስምንት።

ከፊት የቀሩት ሁለት የ15 ዓመት ልጆች ናቸው።

አንጣፊ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ አዲሱ ምንጣፍ ሲገጠም ጫፉ ከተነጠፈው ሥር ይገባል፣ አንድ ክንድ ያህል። ላዩ ላይ ከተደረበ ጠርዙ ወደሚመጣው እግር ያፈጣል። ታቦት ያከበሩ አባት ደግሞ እግራቸውን አያዩም። ሁለቱ ልጆች ይህን የነገራቸው የለም፣ ሊነግራቸው የሚችለው ሰው ከኋላ እየጠቀለለ ነው። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ደርበው አነጠፉት። ከፊት የነበረው ባለ ጥላ ዲያቆን ጠርዙ ያዘውና ተንገዳገደ፤ ጥላው ዘመመ፤ አልወደቀም፣ ተመስገን። ታቦቱን ያከበሩት አባት ግን ቆሙ። ቀና ሲባል ከዚያች ምንጣፍ ወዲያ ያለው ባዶ አስፋልት ነው። ሌሎቹ ምንጣፎች ከኋላ፣ ገሚሱ ተጠቅሎ ገሚሱ በመጠቅለል ላይ። ገመዱን የያዙት አንሰው ስለነበር መሮጫው ጥግ በሕዝብ ተዘግቷል፤ ማለፊያ የለም።

ወደ አሥር ደቂቃ ቆሙ። መዘምራኑ ብልሆች ናቸው፣ ቆመው ያሸበሽቡ ጀመር። ሕዝቡስ? ሕዝቡ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። «ታቦቱ አልሄድም አለ!» የሚል ድምፅ ከአንድ ጥግ ተነሣና እልልታው ቀለጠ። ሰው ተንበረከከ፣ አለቀሰ፣ ስለት ተሳለ። በዚህ መሀል አራት ልጆች አንድ ጥቅል ምንጣፍ ተሸክመው በተንበረከኩት መካከል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ ያልፋሉ። የመጀመሪያው ተሸካሚ ሰብሳቢው ነው።

ማታ ጃንሜዳ፣ ድንኳኑ ጥግ፣ ቄሰ ገበዙ አስጠሩት። አልተቆጡም፤ የባሰው እሱ ነው።

«ልጄ፣ ትሕትናህን አየን» አሉት።

ዝም አለ።

«ምንጣፉስ?»

«አባ፣ ይፍቱኝ፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

እኔ ለቄሰ ገበዙ አልፈርድም። ሜጋፎን የያዙትን ሰብሳቢዎች በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ጠርተው «ጥቅለላውስ?» ብለው አያውቁም። ከኋላ የጠፋ ሰው አይታያቸውም፤ ከፊት የጠፋ ምንጣፍ ግን ያስቆማቸዋል። የጠየቁት ጥያቄ ግን ልክ ነበር፣ ያ ነው የሚያናድደው።

በማግሥቱ ጥር 11፣ ታቦቱ ሲመለስ፣ ልጁ መሀል ቆመ፤ ከካህናቱ ጎን፣ ሁለቱም ጫፍ በሚታይበት በገመዱ ጥግ። ነጭ መሐረብ ከፍ ሲያደርግ ከኋላ ያሉት ይልካሉ፣ ዝቅ ሲያደርግ ከፊት ያሉት ይጠብቃሉ። አንጣፊዎቹ ጫፉን እያስገቡ አነጠፉ። ከጥቅለላ ግን ሦስት ልጆች ውኃ ጠምቷቸው ሄዱ፤ ከመሀል ሆኖ እያያቸው ነው የሄዱት።

በዓመቱ፣ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት፣ አንዲት እናት በልጃቸው አሸክመው አዲስ ቀይ ምንጣፍ ይዘው መጡ፣ 10 ሜትር። «አምና ቁልቁለቱ ላይ ታቦቱ የቆመ ጊዜ የተሳልኩት ነው፤ ደረሰልኝ» አሉ። ዕቃ ቤት የነበሩት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ሰብሳቢው ተንበርክኮ ተረከባቸው፣ ዘርግቶ ለካው፣ መዝገቡ ላይ 7 ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ጠቀለለው።