ዊንዶውስ 10ን አጥፍቼ ዊንዶውስ 7 የጫንኩበት መንገድ

ላፕቶፑ ዴል ላቲቲዩድ ኢ5470 ነው፦ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። የተፈለገው የስቲከር መቁረጫ ማሽን እንዲያዝበት ነው። ማሽኑ ደህና ይሠራል፤ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ግን በዊንዶውስ 7 ዘመን ቀርቷል። ስለዚህ ዊንዶውስ 10ን አጥፍቼ ባለ 64 ቢቱን ዊንዶውስ 7 ፕሮፌሽናል፣ ሰርቪስ ፓክ 1 ያለበትን፣ ጫንኩ። ማጥፋቱ የደቂቃ ሥራ ነው። ሰው ቀኑን የሚያቃጥለው ዊንዶውስ 7 የማያውቀው ኮምፒውተር ላይ ሲገባ ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ዲስኩ ሳይነካ በፊት መዘጋጀት አለበት።

ባክአፕ ሲወሰድ ዶክመንትና ዴስክቶፕ ማንም አይረሳም። የሚረሳው የፎንት ፎልደሩ ነው። ዊንዶውስ 7 ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ ስለሚመጣ የዩኒኮድ አማርኛ ያለ ችግር ይነበባል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች፣ ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉት፣ የተጻፈ ደብዳቤና ዲዛይን ግን ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይቀራል። እነዚያን ፎንቶች ለብቻ ገልብጦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ 10 ቁልፍ 7ን አክቲቬት እንደማያደርግም ልብ በሉ፤ የ7 ቁልፍ ለብቻው መገኘት አለበት። ወደ 10 መመለስ ካስፈለገ ግን ቁልፉ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው፣ ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ ራሱ ያነበዋል።

ዋናው ችግር ዩኤስቢ ነው። ኢንቴል ከስድስተኛው ትውልድ ጀምሮ የድሮውን የዩኤስቢ 2 ኮንትሮለር አውጥቶ ሁሉንም ቀዳዳ በዩኤስቢ 3 ኮንትሮለር ሥር አደረገው። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ለዩኤስቢ 3 የራሱ ድራይቨር የለውም። ውጤቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ፋይል እየጫነ ሳለ የፍላሹ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ እስከዚያ ድረስ ፍላሹን የሚያነበው ባዮሱ ነው። የዊንዶውሱ አርማ እንደመጣ የፍላሹም የማውሱም መብራት ይጠፋል። ቀጥሎ የሲዲ ወይም የዲቪዲ ድራይቨር የለም የሚል መልእክት ይወጣል። መልእክቱ ያሳስታል። ብዙ ሰው ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ፍላሽ ይሠራል፣ ወይም የሲዲ ድራይቨር ሲፈልግ ይውላል። የጠፋው የዩኤስቢ ድራይቨር ነው፤ እሱን ደግሞ ከሁለተኛ ፍላሽ ላይ መስጠት አይቻልም፣ ያኛውም ቀዳዳ ሞቷልና።

ስለዚህ ድራይቨሩ ቀድሞ መጫኛው ውስጥ መግባት አለበት። 8 ጊጋ ፍላሽ ሩፉስ በሚባለው የመጫኛ ፍላሽ መሥሪያ ፕሮግራም ሠራሁ፤ ፓርቲሽን ስኪሙን (የክፍፍሉን ዓይነት) ኤምቢአር፣ ፋይል ሲስተሙን ኤንቲኤፍኤስ አድርጌ። ከዚያ ሶርስስ ከሚለው ፎልደር ሴታፑን የሚያስነሳውን ቡት ዊምንና ዊንዶውሱ ራሱ ያለበትን ኢንስቶል ዊምን ወደ ዲስኩ ገለበጥኳቸው። ፋይሎቹ ሪድ ኦንሊ ከሆኑ ምልክቱ ይነሳ፤ አለበለዚያ ዲዝም (ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የዊም ፋይል ማስተካከያ) አይከፍታቸውም። ከአምራቹ ገጽ የወረደውን የኢንቴል ዩኤስቢ 3 ድራይቨር ፈትቼ፣ የ64 ቢቱን ፎልደር በዲዝም አስገባሁ፦ ማውንት (ዊሙን መክፈት)፣ አድ ድራይቨር (ድራይቨሩን መጨመር)፣ በመጨረሻ አንማውንት ከኮሚት ጋር (ለውጡን አስቀምጦ መዝጋት)። ሲያልቅ ሁለቱንም ፋይሎች ወደ ፍላሹ መለስኳቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። ቡት ዊም ውስጥ ሁለት ኢንዴክስ፣ ማለትም በቁጥር የተለዩ ሁለት ክፍሎች፣ አሉ፤ ሴታፑ የሚሠራው በ2ኛው ነው። 1ኛው ላይ ብቻ ያስገባ ሰው ያው መልእክት ይጠብቀዋል። ሁለተኛ፣ ኢንስቶል ዊምን መርሳት አይገባም። ቡቱ ላይ ብቻ ከገባ ጭነቱ እስከ ግማሽ ይሄድና ከሪስታርት በኋላ ዩኤስቢው እንደገና ይሞታል። ኢንስቶል ዊም ውስጥ ለየኤዲሽኑ የራሱ ኢንዴክስ ስላለው፣ ፕሮፌሽናል ስንተኛው እንደሆነ በዲዝም አይቶ እዚያ ላይ ማስገባት ነው። አንማውንት ሲደረግ ፎልደሩን የከፈተ መስኮት ካለ ይዘጋ፣ አለበለዚያ ኤረር ይሰጣል። የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨርም በዚሁ አጋጣሚ ጨመርኩት፤ ባዶ ዊንዶውስ 7 ዋይፋዩንም ኬብሉንም ላያውቅ ይችላል።

ኤስኤስዲው ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ኬቢ 2990941 እና ኬቢ 3087873 የሚባሉትን ማስተካከያዎችም ሁለቱም ዊሞች ውስጥ ማስገባት ግድ ነበር። የዚህኛው ሳታ፣ የቀድሞው ዓይነት፣ ስለሆነ አላስፈለገም።

ባዮሱ በኤፍ 2 ይከፈታል። ሴኪዩር ቡት ይጠፋል፣ ሌጋሲ ኦፕሽን ሮም ይበራል፣ የቡት ዝርዝሩ ወደ ሌጋሲ፣ ማለትም ወደ ድሮው የአነሳስ ስልት፣ ይዞራል። ዊንዶውስ 7 ያለ ሌጋሲ ድጋፍ በንጹሕ ዩኢኤፍአይ፣ በአዲሱ የአነሳስ ስልት፣ ሲነሳ አርማው ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ስክሪኑን የሚያገኘው በድሮው የቪጂኤ መንገድ ነው። የሳታው ምርጫ ሬይድ ኦን ላይ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር አለበት፤ ካልሆነ ሴታፑ ዲስክ የለም ይላል። ይህ ሲቀየር ነባሩ ዊንዶውስ 10 ሊነሳ ስለማይችል ባክአፑ አስቀድሞ ማለቁን ደግሜ አይቼ ነው የነካሁት።

በኤፍ 12 ከፍላሹ አስነስቼ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሺፍትና ኤፍ 10 አንድ ላይ ተጫንኩ፤ ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል። የዲስክ መከፋፈያው ትእዛዝ ዲስክፓርት፣ ከዚያ ሊስት ዲስክ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ የዲስኩን ቁጥር በመጠኑ ለዩ። 238 ጊጋ ገደማ የሚያሳየው ኤስኤስዲው ነው፣ 7 ገደማው ፍላሹ። ከዚያ ሴሌክት፣ ክሊን፣ ኮንቨርት ኤምቢአር። ፓርቲሽኖቹን በሴታፑ ገጽ አንድ በአንድ መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ ዲስኩ ጂፒቲ በሚባለው አዲሱ የክፍፍል ዓይነት ስለሚቀር ሌጋሲው ላይ አልጭንም ይላል። ክሊን የሚያጠፋው የክፍፍሉን መዝገብ ብቻ ነው፣ ፋይሉ በሪከቨሪ ፕሮግራም ሊወጣ ይችላል። ላፕቶፑ ለሌላ ሰው የሚሸጥ ቢሆን በዚህ አልረካም ነበር። ለሲ 80 ጊጋ ሰጥቼ ቀሪውን ለዲ ተውኩ።

ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ ቺፕሴት፣ ከዚያ ቪዲዮ። አፕዴቱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ አውርጄ በተራ አስገባሁ፦ ኬቢ 3020369፣ ቀጥሎ ትልቁ ጥቅል ኬቢ 3125574፣ ከዚያ ኬቢ 4490628፣ በመጨረሻ ኬቢ 4474419። በየመሃሉ ሪስታርት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሌሉ ከ2019 አጋማሽ ወዲህ የወጡ አፕዴቶችንና አንዳንድ አዳዲስ ድራይቨሮችን ዊንዶውሱ አይቀበልም፤ የተፈረሙበትን ሻ 2 የሚባል የዲጂታል ፊርማ ስልት አያውቅምና።

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መደገፍ ያቆመው ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። ክሮምም በ109ኛው ቨርዥን ተሰናብቶታል። ስለዚህ ይህን ላፕቶፕ ከኢንተርኔት አላገናኘሁትም፣ ዋይፋዩን ባዮሱ ላይ ዘጋሁት። ዲዛይኑ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሠርቶ በፍላሽ ይመጣል። ማተሚያ ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ አውቶፕሌይን አጥፍቼ ለዚህ ማሽን ብቻ የሚያገለግል አንድ ፍላሽ መደብኩለት።

መቁረጫው ከታወቀና አንድ ስቲከር ተቆርጦ ከታየ በኋላ፣ ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር ውስጥ ገብቼ የሲስተም ኢሜጅ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። ኢሜጁን ለመመለስም ዩኤስቢ የሚያውቅ መጫኛ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያንን 8 ጊጋ ፍላሽ ፎርማት አላደረግኩትም፣ የላፕቶፑን ሞዴል ጽፌበት ከሃርድ ዲስኩ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው።