ያለቃዬ ገና

የምሠራው ሆምስቴድ፣ ፔንስልቬንያ ነው፤ ወንዙ ዳር ካለው የገበያ ማዕከል። ቦታው የድሮው የካርኔጊ ብረት ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው በ1986 እ.ኤ.አ. ተዘጋና ከነበረው ሁሉ ለዓይን የሚሞላው ተርታውን የቆመው 12 የጡብ ጭስ ማውጫ ነው።

አዲሱ ዓመት እንደገባ የፈረቃ ፕሮግራም ተለጠፈ። ጃንዋሪ 7 ጠዋት ገቢ ነኝ። አለቃዬ ጋ ሄድኩ።

«የዛን ቀን ገና ነው፣ ፈቃድ ስጠኝ» አልኩት።

«ገና? ዛፉን ያፈረስከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

አዎ፣ እኔ ነኝ። መብራቱንም ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። የእኛ ገና ሌላ ነው ብዬ ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ።

«እዚህ አገር ያለው አንድ ገና ነው።»

ይህን የሚለኝ የአባቱ ስም በ«ቪች» የሚያልቅ ሰው ነው! ዋጥ አድርጌ ልሄድ ስል ካሸሯ ቀና አሉ። በዘራቸው ሃንጋሪ ናቸው፣ ጡረታ አልበቃ ብሏቸው የሚሠሩ አሮጊት። የሰፈሩን ቤተሰብ ሁሉ ያውቃሉ።

«አያትህ ሰርብ ኦርቶዶክስ አልነበሩ? ጃንዋሪ 7 ምን ያደርጉ እንደነበር እስቲ እናትህን ጠይቃት» አሉት።

ጆሮው ቀላ። ደንበኛ የጠራው መስሎ ውልቅ አለ።

በምሳ ሰዓት አሮጊቷ ብረት ፋብሪካው ውስጥ ይሠሩ የነበሩትን የወንድ አያታቸውን ነገር አጫወቱኝ። እስከ 1923 እ.ኤ.አ. ድረስ ምድጃው ላይ አንዱ ፈረቃ 12 ሰዓት ሙሉ ይፈጅ ነበር። የቀኑና የሌሊቱ ቡድን ሲቀያየሩ ደግሞ አንዱ 24 ሰዓት ሳያርፍ ይውላል፣ ያድራል። እሳቱ አይጠፋም፣ በዓል የለም። ለፎርማኑ ስሎቫኩም ሃንጋሪውም ሰርቡም ያው «ሃንኪ» ነው፤ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣን ሠራተኛ መስደቢያ ቃል። እሑድ ግን እያንዳንዱ ከዚያች ደመወዙ ቀንሶ ወደ ሠራው ወደየራሱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። «የአንዱን ጾም ሌላው አያውቅለትም ነበር» አሉ። እንግዲህ አለቃዬ የማን ልጅ እንደሆነ ገባኝ፤ የፎርማኑ ሳይሆን የሃንኪው። ይሄ ነው የሚያበግነኝ።

ማታ ላይ «በቃ፣ ከሰዓት ግባ» ብሎ መልእክት ላከ። እንደ ትልቅ ውለታ! ሌሊቱን ሙሉ ቅዳሴ ቆሜ፣ ዶሮውን ቀመስ አድርጌ፣ ዓይኔ እየተከደነ ዕቃ ስደረድር አመሸሁ።

በዓመቱ ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ጃንዋሪ 7 ዕረፍት ወጪ አለ፤ እሱ። «የቤተሰብ በዓል ነው» አለኝ ኮስተር ብሎ። ፈረቃውን የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩት። «ጎሽ» አሉ፣ «እናቱን ጠይቋታል ማለት ነው።»