ከአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች እስከ ቆርቆሮ ጣሪያዎች

«ሠዓሊ ነቢይ ነው» ሲባል እየሰማሁ አድጌአለሁ፤ ዛሬ ግን ይህ ውዳሴ የሠዓሊውን ድካም የሚያሳንስ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለነቢይ ይገለጥለታል፣ ሠዓሊ ግን ሌላው ዓይቶ የሚያልፈውን ነገር ቆሞ ያያል።

ለዚህ ሁልጊዜ ትዝ የሚሉኝ ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ አዲስ አበባ ለሚገኘው ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሯቸው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት ባለቀለም መስታወቶች ናቸው። ሥራው ገና በእጃቸው ሳለ አፍሪካ ትናወጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ብቻ 17 አገሮች ነፃ ወጥተዋል፣ ሌሎች ብዙዎች ግን ገና በቅኝ ገዥዎች እጅ ነበሩ። እርሳቸው የአህጉሪቱን ያለፈ ሐዘን፣ የወቅቱን ትግልና የወደፊቱን ተስፋ በሦስት ክፍል አሳዩ። ቅኝ አገዛዝን በዘንዶ፣ ክፋትን በአፅም መሰሉ፤ ችቦ የያዘ ሰውም ቤተሰቡን እየመራ ወደፊት ይራመዳል። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ። የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ድምፅ እስኪሰጡ ግን ከምረቃው በኋላ 33 ዓመታት አልፈዋል።

በእነዚያ መስታወቶች ላይ ከሁሉ ይበልጥ የምመሰጥበት ግን የተባበሩት መንግሥታትን ዓርማ የያዘው፣ የብረት ጥሩር የለበሰው ባላባት ነው። በእርሱ ላይ የማነበው የዚያን ትውልድ እምነት ነው፤ ዓለም አቀፉ ማኅበር ደካማውን ይጠብቃል ብሎ ከልቡ ያመነ ትውልድ ነበር። ችቦው ዛሬም ያሳምነኛል፤ ባላባቱ ግን ያሳዝነኛል።

ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን የረኀብ ሰለባዎችን ሲሥሉ የወሎ እልቂት ሊሸሸግ የተሞከረ ጉዳይ ነበር። ለዘመናት ነገሥታትና ቅዱሳን በያዙት ቦታ ላይ የተራበ ገበሬ መቆሙ በራሱ፣ ማን ሊታይ ይገባዋል የሚለው ሚዛን መለወጡን ያሳያል።

ወደ ራሳችን ዘመን ስመጣ የሠዓሊ አዲስ ገዛኸኝ ሥራዎች ከፊቴ ይመጣሉ። የአዲስ አበባን የቆርቆሮ ቤቶች በደማቅ ቀለም፣ አንዱን በሌላው ላይ ደራርቦ ይሥላቸዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ግን መሬት አልነካም፣ አየር ላይ ይንሳፈፋል። እነዚህ ሥዕሎች መታየት የጀመሩት በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ከመፍረሳቸው ከዓመታት በፊት ነው። ነዋሪው ቤቱ ከእግሩ ሥር እንደሚነሳ በሥጋት ሲያወራ ሠዓሊው ያንን ሥጋት ሰምቶ፣ ቅርጽ ሰጥቶታል ብዬ አምናለሁ። በጣሪያዎቹ መካከል ሰው አለ ወይ ብዬ ደጋግሜ ፈልጌአለሁ፤ አሁን ያ ሰፈርተኛ ወዴት ሄደ ብዬ እጠይቃለሁ።