መጋረጃ የሌላት ሥዕል

ደሴ፣ እሑድ ማታ

ከአዲስ አበባ የተመለስኩት ከትናንት ወዲያ ነው። ከአራት መቶ ኪሎ ሜትሩ መንገድ ሁሉ የምወደው መጨረሻውን ነው፤ ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን ስንያያዘው፣ መኪናው እያቃሰተ ሲወጣ፣ ሙቀቱ ትቶን ብርዱ ሲቀበለን፣ ጦሳም ጉሙን ተከናንቦ ብቅ ሲል ልቤ ይረጋል። በዚህኛው ጉዞ ግን ሐረጎን የወጣሁት ውጭውን ሳላይ ነው። ሐሳቤ ስድስት ኪሎ፣ ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ሥዕል ዘንድ ቀርቶ ነበር። ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

የሄድኩበትን ጉዳይ ረቡዕ ጨርሼ ስለነበር፣ ሐሙስን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በማየት ዋልኩ። ቤተ መንግሥቱ የተሠራው በ1920ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ በእነዚያ ግድግዳዎች መካከል ያልተፈጸመ ነገር የለም ለማለት ያስደፍራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ፋሺስቶቹ ለሥልጣናቸው ዘመን መታሰቢያ በግቢው ያቆሙት ደረጃ ዛሬም አለ፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ስለተቀመጠበት የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው አንበሳውን ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜም ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሹማምንት የተረሸኑት በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን ነበር። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። የንጉሡ መኝታ ቤት ከነመታጠቢያው አሁንም ለጎብኚ ክፍት ነው፤ እኔ ግን የሰው መኝታ ቤት ውስጥ መቆም ስለማይሆንልኝ ቶሎ ወጣሁ።

የቆየሁት የሥዕለ አድኅኖዎቹ ስብስብ ዘንድ ነው። የአናጺ ልጅ ስለሆንኩ ከሥዕሉ በፊት እንጨቱን አየሁ። ባለሦስት ገበታ የሆኑት ሥዕሎች ክንፋቸው ከመካከለኛው ገበታ ጋር የተያያዘው በብረት ማጠፊያ ሳይሆን በክር ነው፤ በጠርዙ ላይ በወስፌ የተበሱ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፣ ክሩ በእነሱ እየገባና እየወጣ ገበታዎቹን ያቆራኛል። ብረት እንጨቱን ይይዘዋል፣ አያላውሰውም፤ እንጨት ደግሞ በክረምት አብጦ በበጋ የሚኮማተር ነገር ስለሆነ ከብረት ጋር ሲታገል ይሰነጠቃል። ክር ግን ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይላላል፣ አብሮም ይጠብቃል። ይህን ያሰበው ባለሙያ ስሙን የትም አልጻፈም።

ስማቸው የቀረላቸው ጥቂቶች ናቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበር ባዘዙበት ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ላለው ሥዕል ስሙን ትቶልናል። ከዚያ በኋላ ሮም ካለችው ከታላቋ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የመጣው የምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ከተወዳጅ ልጇ ጋር) አሣሣል አገራችን ገብቶ፣ የእኛ ሠዓሊዎች ዓይኗን አጉልተው፣ ጣቶቿን አስረዝመው፣ ካባዋን በራሳቸው ቀለም አልብሰው የእኛ አደረጓት። ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ሰው ግን በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል የሚለውን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አንድ ሙሉ ግድግዳ በሁለት ዓይን ሲያይሽ ምን እንደሚሰማ የተረዳሁት ግን ሐሙስ ዕለት ነው።

ያቺ ትንሿ ሥዕል ጥግ ላይ ነበረች። እመቤታችን ልጇን በግራ እጇ ታቅፋለች፤ ከሥር፣ ልክ በጉልበቷ አካባቢ፣ ቀለሙ ተልጦ ነጩ ልስን ወጥቷል። እርጅና ነው ብዬ ልተዋት ነበር። ጠጋ ብዬ ሳያት ግን የተላጠው ቦታ ክብ ነው፣ የሰው ከንፈር የሚያርፍበትን ያህል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ሰም ተንጠባጥቦ እንደ ዕንባ ደርቋል። ስንት ሰው ተሳልሟት እንደዚያ እንደሆነች ማን ያውቃል። በዚያች ሥዕል ላይ ከቀለሙ ይልቅ ያልተቀባው ቦታ በለጠብኝ። ከመስተዋቱ ወዲህ ቆሜ ከንፈሬን ስነክስ አንድ የጥበቃ ባልደረባ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደህና መሆኔን ነገርኩትና ወጣሁ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ የነገርኳት ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው። የአባቴ እናት ክርስቲያን፣ አባቱ ደግሞ ሙስሊም ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ከፊሉ ወደ እናታቸው፣ ከፊሉ ወደ አባታቸው ሄዱ። በወሎ ይህ የሚያስገርም አይደለም። አክስቴ ሰላቷን የማታዛንፍ ሙስሊም ናት፤ ሆኖም ያደገችው እናቷ ከሥዕሏ ፊት ስትቆም እያየች ነው። ታሪኩን ጸጥ ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ለመሆኑ ያቺ ማርያም መጋረጃ አላት?»

የምመልሰው አጣሁ። እውነት ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሏ ተጋርዳ ትቆይና ሰዓቱ ሲደርስ መጋረጃው ይገለጣል፤ ሁልጊዜ አትታይም። በቤተ መንግሥቱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ መብራት በርቶባት፣ ለሚወዳትም ለማያውቃትም እኩል ትታያለች። ይህን ስል ሙዚየሙን መውቀሴ አይደለም። የጥናትና ምርምር ተቋሙ ሰዎች ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ባይሰበስቧቸው ኖሮ እነዚያ ገበታዎች ዛሬ የት በነበሩ? ስለዚህ ነገር እኛ ወሎዎች ከማንም ይልቅ እናውቃለን። መቅደላ የእኛው አምባ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ከአምባው የተዘረፈውን መጻሕፍት፣ መስቀልና ዘውድ ለማውረድ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል፤ ደላንታ ሜዳ ላይም ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ተደርጎበታል። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲዘምቱ ይዘውት ይሄዱ የነበረውን፣ ሱዳን ስናር ተማርኮ በወርቅ የተመለሰውን የኩርዓተ ርእሱ (የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ) ሥዕል ግን ለጨረታ እንኳ ሳያቀርበው ለብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃ ሊሰበስብ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ለራሱ አስቀረው። ሰውየው ከሞተ በኋላ በ1917 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ላይ ተሸጠ፤ ከዚያም ፖርቱጋል ገባ። መጋረጃም የለው፣ ጎብኚም የለው።

ይህን ስንጨዋወት አክስቴ «ተነሺ፣ አየር እንቀበል» አለችኝና ወደ አይጠየፍ ወጣን። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን ይህን አዳራሽ ከልጅነቴ ጀምሮ ባየውም፣ ቤተ መንግሥት ብዬ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። መሐመድ ዓሊ ተብለው ተወልደው፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሚካኤል ተብለው የተጠመቁት እኚህ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን ሥጋ እየበላ በአንድ ጣሪያ ሥር ግብር እንዲቀመጥ ነው ይህን ያሠሩት፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። አክስቴ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች «ሰውን የማይጠየፍ ቤት» አለች። እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ገነተ ልዑል ውስጥ ሥዕሎቹን አየሁ፣ ቤቱን ረሳሁት፤ እዚህ ግን የሚታየው ቤቱ ራሱ ነው። የወሎን የእንጨት ጥርብ፣ የሰፌድ ጥለት፣ የብራና ሥዕልና ሌላውንም የእጅ ሥራ ሁሉ በእንዲህ ያለ ጣሪያ ሥር አንድ ላይ የማይበት ቀን ቢመጣ ብዬ ተመኘሁ፤ ዛሬም እመኛለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ የደሴን ሙዚየም ነገር አነሳን። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ያ ቤት በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ተዘርፏል። በትምህርት ቤት ልጅነቴ ተሰልፈን ገብተን እንደነበር አስታውሳለሁ። ያኔ ምን አየሁ ብዬ ራሴን ብጠይቅ አንድም ነገር በትክክል አልመጣልኝም፤ እየሮጥን ገብተን እየሮጥን ነው የወጣነው። ቆሜ ብመለከት ኖሮ ዛሬ ቢያንስ አንዱን ዕቃ በዓይኔ እይዘው ነበር። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ማታ ሳጥኑን ከፍቼ የአያቴን ሥዕል አወጣሁ። ባለሁለት ገበታ ናት፣ ስታጥፊያት የመጽሐፍ ያህል። ልጅ ሳለሁ ክሯ ተበጥሶ አባቴ የነሐስ ማጠፊያ መታላት፤ ያን ቀን ብሎኑን ሲያጠብቅ ምላሱን ነክሶ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ከብሎኑ ጀምሮ ወደ ታች አንድ ጣት የሚያህል ስንጥቅ ወርዷል። ሥዕሏን አምፖሉ ሥር አድርጌ ማጠፊያውን በጥፍሬ ከፍ ሳደርገው፣ ከሥሩ ሦስት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በሰም ተደፍነው አገኘሁ። እዚያም እንዳየኋቸው ያሉ፣ በወስፌ የተበሱ። ማጠፊያውን ነቅዬ በክር ልመልሳት ብዬ መፍቻ ለመፈለግ ተነሳሁ።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ አለችና እጄን ያዘችኝ። «አብሽሪ፣ ተይው። እሱም እኮ የወንድሜ እጅ ነው።»

ተውኩት። እሷ ግን ጓዳ ገብታ፣ ለዒድ የምትለብሰውን ነጭ ሻሿን አጣጥፋ ይዛ መጣችና ሥዕሏን ራሷ አለበሰቻት።