አንድ ማርክ

ሐዋሳ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፣ አስራ አንደኛ ክፍል። የሚድ ፈተናውን የሰምና ወርቅ ጥያቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስንኙንም የቋጠርኩት ራሴው ነኝ፦

ሞልተሽ የማትፈሺ የልብሽን ቋጥረሽ፣
ጥቁር ውሃ ገብቶ መቼ አጠቆረሽ።

ኅብረ ቃሉ «ጥቁር ውሃ» ነው። ሰሙ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ወንዝ፣ ወርቁ ኀዘን። «የምትወደሰው ማን ናት?» መልስ ለ፦ ቻይ ሴት። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼበት ነበር።

ወረቀት በመለስኩ ማግስት አንድ የአስጋሪ ልጅ ስታፍ ድረስ መጣ። ሀ ብሏል፤ ሐይቋ።

«ሐይቋ ሰሙ ናት፤ የተጠየቅኸው ወርቁን ነው» አልኩት።

«ጥያቄው ወርቅ አይልም፣ ቲቸር።»

አይልም። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፣ አይልም።

«ደግሞ ጥቁር ውሃ ይገባል፣ የሚወጣ ወንዝ የለም። ታዲያ የገባው የት ይሄዳል?»

«ይተናል።»

«ውሃው ነዋ! ደለሉስ? አባዬ መረቡን ሲስብ አንዳንድ ቀን ከቆሮሶ ዓሣው ሃይላንዱ ይበዛል። እንዴት ነው ያልጠቆረችው?»

የጂኦግራፊው መምህር ሻዩን አስቀምጦ ሳቀ። ጥቁር ውሃ የሚመጣበት የጨለለቃ ረግረግ ራሱ ድሮ ሐይቅ እንደነበር ጠቅሶ «የኔን ትምህርት ነው አንቺ ላይ የተፈተነው» አለኝ።

አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ያፈሰዋል፣ የሚቀረው ወርቁ ነው ብዬ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ወንዙም፣ ዋርካውም፣ ሐይቋም በእኔ ክፍል ሲቀልጡ ኖረዋል። እዚያው ግን ይህን አላልኩም። ያልኩት «ተጠሪውን ልጠይቅልህ» ነው።

ተጠሪያችን «የመልስ ቁልፍ አይነካም፣ የሌላው ሴክሽን ታርሟል። ሐይቅ ሐይቅ ነው ካልን ቅኔው ምኑ ላይ ነው?» አሉ። ደስ አለኝ፤ ውሳኔው ከእኔ ወረደ።

ዘንድሮ በአካባቢ ጥበቃ ክበብ ቀን ተጠሪያችን መድረክ ላይ ወጡ። ስንኜን አነበቡና «ግጥምን በሰሙ ማንበብ» የሚል ትንታኔ ሰጡ፤ የሚገባው፣ የማይወጣው፣ ደለሉ፣ ሃይላንዱ ሳይቀር። የግጥሙ ባለቤት አልተጠቀሰም፤ የሃይላንዱም።

ተጨበጨበላቸው። ልጁ አሁን አስራ ሁለተኛ ነው፤ ከኋላዬ ወንበር ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፦

«ቲቸር፣ ያቺ አንድ ማርክስ?»

«ሮስተሩ ተዘግቷል» አልኩት።