«ፀጥታ ይከበር»

ሰኔ 5፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ ከሰዓት ዝናቡ ድንገት ወረደ። የቤተ መጻሕፍታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ልጆቹ ከንፈሬን ያያሉ እንጂ የምለው አይሰማቸውም። ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ፀጥታ ይከበር!» ተብሎ ተጽፏል። ሳቄ መጣ። ዝናቡን ማን ይቅጣው?

ክፍሉን ከተረከብሁ ዓመት ሞላኝ። ያን ጊዜ መጀመሪያ የተቀበለኝ የሻጋታ ሽታ ነው። መደርደሪያዎቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው እርጥበቱን ይጠጣሉ። ሳብ ሳብ አድርጌ አየር ሰጠኋቸው፤ ሽታው ቀነሰ። በምዕራብ በኩል ያለው መስኮት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። የማታ ፀሐይ ልጆቹን ዓይን ዓይናቸውን ትላለች፣ የመጻሕፍቱን ሽፋን ታነጣለች። መጋረጃ ሰቀልን። አዲስ የምሠራ ብሆን መስኮቱን በሰሜንና በደቡብ ነበር የማወጣው። እኛ ዘንድ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወደ ሰሜን፣ ሌላውን ጊዜ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። ጣሪያው በሁለቱም በኩል ወጣ ብሎ ቢያጠላ ይበቃል።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በዚህ ደጋ እግሩ የበረደው ልጅ ምን ያነባል? አንዱ ጥግ ላይ ሰሌን አነጠፍሁ፤ ከቤት ሁለት አጎዛ አመጣሁ። (ባለቤቴ የት እንደገቡ ገና አልጠየቀችም።)

ከሁሉ የከበደኝ ግን የድምፅ ነገር ነው። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት፣ ዋሸራ ቅኔ የተማሩ አጎቴ አንድ ቀን ሊጠይቁኝ መጡ። በሩ ላይ ቆመው አጎንብሰው የተቀመጡትን ልጆች አዩና «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነው ነው? ለቅሶ ነው እንዴ?» አሉኝ። እሳቸው ፊደል ቆጥረው፣ በንባቡ ደረጃ ከግእዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ ሲሻገሩ ሁሉም በድምፅ ነበር። ጆሮ ያልሰማውን ዓይን አይዘውም ባይ ናቸው። እኔም እንደዚያው ነው የተማርሁ፤ ረስቼው ነው እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የአጎዛው ጥግ ጮክ ብለው የሚያነቡበት ሆነ። አንድ ባልደረባዬ «ገበያ አደረግኸው» አለኝ። አልዋሸም፤ አንዳንዴ የቅዳሜ ገበያ ነው። ጥጉን በቀርከሃ ለመከለል አስቤያለሁ፤ ቀርከሃ ከእንጅባራ በኩል አይጠፋም። ኮርኒሱንም በዚያው ብንሠራ የቆርቆሮውን ጩኸት ያበርድልናል። ብሩ ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

ዛሬ ዝናቡ ሲበረታ ንባቡ ይቆማል ብዬ ነበር። ዞር ስል ሦስቱ ልጆች አጎዛው ላይ ጆሯቸውን አንባቢው አፍ ሥር ደቅነዋል። እሱ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ይጮሃል።