በሙምባይ ዩኒቨርሲቲ የድሮ ግቢ ያለ አስጎብኚ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የድሮ ህንጻዎችን በእግር እየዞራችሁ የምታጠኑ ጓደኞቼ የየከተማችሁን ስታካፍሉ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ለትምህርት በመጣሁባት ሙምባይ ደጋግሜ የምመለስበት ቦታ ፎርት በሚባለው ሰፈር ያለው የዩኒቨርሲቲው የድሮ ግቢ ነው። አስጎብኚ አልይዝም። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይዤ፣ በአንድ ዙር አንድ ጥያቄ ብቻ አንግቤ እሄዳለሁ። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

መጀመሪያ የምመክራችሁ ከቸርችጌት ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ በቀጥታ ወደ ግቢው በር እንዳትሄዱ ነው። ኦቫል ማይዳን የሚባለው ሰፊ ሜዳ ምዕራባዊ ዳር ላይ ቁሙና ክሪኬት የሚጫወቱትን ልጆች አሻግራችሁ ወደ ምሥራቅ እዩ። ረድፉ በሙሉ ይታያል፦ በቀኝ የድሮው ሴክሬታሪያት (የመንግሥት መሥሪያ ቤት)፣ ቀጥሎ የምረቃ አዳራሹ፣ ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱና የሰዓት ማማው፣ በግራ ከፍተኛው ፍርድ ቤት። ፊታቸው ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ጥላ ውስጥ ናቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመታቸውና ከኩርላ የወጣው ቢጫማ ድንጋይ ቅርጹ ሁሉ ጎልቶ ይወጣል።

የመጀመሪያው ዙር ጥያቄዬ «ወዴት ነው የሚያዩት?» የሚል ነበር። መልሱን ያገኘሁት ዞር ብዬ ከኋላዬ ያሉትን የ1930ዎቹ አፓርታማዎች ሳይ ነው። እነሱ የቆሙት ከባሕር ላይ በተሞላ መሬት ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲሠራ በፊቱ ሜዳና ባሕር እንጂ ሌላ አልነበረም። የከተማዋ የምሽግ ግንብ በ1860ዎቹ በገዢው ባርትል ፍሬር ዘመን ፈረሰ፤ በተከፈተው ቦታ ላይ ደግሞ መንግሥት ትልልቅ ህንጻዎቹን በባሕር ለሚመጣ ሰው እንዲታዩ አድርጎ ደረደራቸው። የሜዳው ሁለቱም ዳርቻዎች በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት አብረው ነው፤ ለየብቻ ብናያቸው ትርጉማቸው ይጎድላል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ማን ከፈለ?» ነው፤ ብዙ ያስተማረኝም ይሄኛው ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) የደቡቡ ጥጥ ወደ እንግሊዝ ፋብሪካዎች መድረስ ሲያቅተው፣ የቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ነጋዴዎች ጥጥ ዋጋው ሰማይ ነካ። ከተማዋ በወርቅ ተጥለቀለቀች። ፕሬምቻንድ ሮይቻንድ የሚባለው የጥጥና የአክሲዮን ደላላ በ1864 ሁለት መቶ ሺህ ሩፒ ለቤተ መጻሕፍቱ፣ ሌላ ሁለት መቶ ሺህ ደግሞ ለሰዓት ማማው ሰጠ፤ ማማው በእናቱ በራጃባይ ስም እንዲጠራም ሆነ። በዓመቱ ጦርነቱ አበቃ፣ የጥጥ ዋጋ ወደቀ፣ ገበያው ተንኮታኮተ፣ ሰውዬውም አብሮ ከሰረ። ግን ገንዘቡ ቀድሞ ከእጁ ወጥቶ ነበር። የመሠረት ድንጋዩ በ1869 ተጥሎ ማማው በ1878 አለቀ፤ ቁመቱ 85 ሜትር አካባቢ ነው። ለምረቃ አዳራሹ ትልቅ ገንዘብ የሰጠው ደግሞ ካዋስጂ ጀሃንጊር ሬዲመኒ የሚባል የፓርሲ (ከፋርስ ወደ ህንድ የመጡ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች) ወገን ባለሀብት ነው፤ ሐውልቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ግቢውን «እንግሊዞች የሠሩት» ማለት ይከብደኛል።

ስለ ራጃባይ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፦ ዓይነ ስውር ነበሩ፣ የጃይን እምነት ተከታይ ስለሆኑም ፀሐይ ሳትጠልቅ እራት መብላት ነበረባቸው፣ ደወሉ ሰዓቱን እንዲነግራቸው ልጃቸው አሠራው ይባላል። እውነት ሆነም አልሆነ፣ የከተማዋ ሰው በፍቅር የሚያወራው ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ሳነሳ በሩን አልፌ ገባሁ፦ «ምን ይጎድላል?» የመማሪያ ክፍል! ዩኒቨርሲቲው በ1857 ከካልካታና ከማድራስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲቋቋም የለንደን ዩኒቨርሲቲን አሠራር ተከትሎ ፈተና የሚፈትንና ዲግሪ የሚሰጥ አካል ነበር፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በየኮሌጁ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው መመረቂያ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍትና ሰዓት ነበር። ግቢው ትንሽ ሆኖ ህንጻዎቹ ግዙፍ የመሆናቸው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ከዚህ ዩኒቨርሲቲ በ1880ዎቹ ኮርኔሊያ ሶራብጂ የመጀመሪያዋ ሴት ምሩቅ ሆና ወጣች፤ በ1912 ደግሞ በኋላ የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው አምቤድካር፣ «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገኖች ተወልዶ፣ ዲግሪውን ተቀበለ።

የአዳራሹን፣ የቤተ መጻሕፍቱንና የማማውን ንድፍ ያወጣው እንግሊዛዊው አርክቴክት ጆርጅ ጊልበርት ስኮት ነው። በዚያው ዘመን በለንደን የሴንት ፓንክራስ ጣቢያን ሆቴል ይሠራ ነበር፤ ህንድን አንድም ቀን አልረገጣትም። ቢሆንም ለሙቀቱ አስቦበታል። በህንጻዎቹ ጎን ያሉት ባለ ቅስት ሰገነቶች ፀሐይዋን ከግድግዳው ያርቃሉ፤ በማዕዘኖቹ ያሉት ጠመዝማዛ ደረጃዎች ክፍት ስለሆኑ ነፋስ ይገባባቸዋል። ጎብኚው ሁሉ ማማውን ነው ፎቶ የሚያነሳው፤ እኔ ግን ከግቢው አንድ ነገር ምረጥ ብባል የአዳራሹን ጠመዝማዛ ደረጃ እመርጣለሁ። ለመሳል እጅግ ከባድ ነው። ዓምዶቹ ከደረጃው ጋር አንድ ላይ ስለሚዞሩ፣ በመጀመሪያ የዓምዶቹን ጫፍ በነጥብ ብቻ ምልክት አድርጌ መስመሩን በኋላ መጎተት ስጀምር ነው እጄ የተፍታታው። አዳራሹ ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት አሥራ ሁለቱ የዞዲያክ ምልክቶች ያሉበትን ክብ ባለቀለም መስታወት አይታችሁ ውጡ።

ማማው ላይ ደግሞ ቀና ብላችሁ ሰዎቹን ፈልጉ። የምዕራብ ህንድን ልዩ ልዩ ማኅበረሰቦች የሚወክሉ 24 የድንጋይ ምስሎች አሉ፤ ቅርጻቸውን ያወጣው ሙኩንድ ራምቻንድራ የሚባል ህንዳዊ መሐንዲስ ነው። ከመሬት በዓይን ብቻ ጥምጣማቸውን መለየት ይከብዳል፤ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ትንሽ መነጽር ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

አሁን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ወደሚነካው ልምጣ። ከምረቃ አዳራሹ ቀጥሎ ያለውን ሴክሬታሪያት የነደፈው ሄንሪ ሴንት ክሌር ዊልኪንስ ነው። ይህ ሰው ሮበርት ናፒየር ወደ መቅደላ ባዘመተው ጦር ውስጥ ከመሐንዲስ መኮንኖቹ አንዱ ነበር። ያ ጦር፣ አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የተሠዉበት ዘመቻ፣ የተደራጀው እዚሁ ቦምቤይ ነው፤ ናፒየር የቦምቤይ ጦር ዋና አዛዥ ነበር፣ 44ቱ ዝሆኖችም ከህንድ ተጭነው ነው ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ዙላ የወረዱት። ይህን ካወቅሁ በኋላ በሴክሬታሪያቱ ፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ፤ ውበቱን ማድነቅና ሐዘኑን መሸከም አብረው መጡብኝ። አሁንም ሁለቱንም ይዤ ነው የማልፈው።

ሌላም ክር አለ። ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ምክትል ቻንስለሮች አንዱ የነበረው ስኮትላንዳዊው ሚሲዮናዊ ጆን ዊልሰን ከዘመቻው ብዙ ዓመታት በፊት ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾችን፣ ገብሩንና ምርጫ ወርቄን፣ ቦምቤይ ባለው ትምህርት ቤቱ አስተምሯል። ምርጫ በኋላ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ መልእክተኛ ሆኖ እንግሊዝ አገር ድረስ ተልኳል። ዛሬ ህንድ ለመማር የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ከእነሱ በኋላ የሚመጣ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ደስ ይለኛል።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ግቢው የሚሠራ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ መታወቂያ ያዙ፣ በር ላይ ጥበቃዎቹን በትሕትና ጠይቁ፤ በምረቃና በፈተና ሰሞን ላያስገቡ ይችላሉ። ማማው ላይ መውጣት ለጎብኚ አይፈቀድም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው አየር ለእግር ጉዞ ምቹ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ደብተር አያስከፍትም። መግባት ካልቻላችሁ ከሜዳው በኩል ያለው እይታ ብቻውን ይበቃል።

ቀጣዩ ዙሬ የዊልሰንን ስም በያዘውና በቾውፓቲ ባሕር ዳርቻ ባለው ኮሌጅ በኩል ነው። ህንጻው የተሠራው በ1889 ስለሆነ ወንድማማቾቹ የተማሩበት ቤት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የምፈልገው የድሮው ትምህርት ቤት የነበረበትን ሰፈር ነው። ስለ ገብሩና ስለ ምርጫ የቦምቤይ ዘመን ያነበባችሁት ካለ ጻፉልኝ፣ መንገዱን በእሱ አስተካክዬ እወጣለሁ።